ፋራው ማሽን በአራዳ

አዲስ አበባን ያቆማት ደጅ ጥናት ነው ብል የታሪክ ምሁራን ይቆጡኝ ይሆናል። የሰፈሮቿንና የድልድዮቿን ስም ግን ልብ በሉ፦ ራስ መኮንን፣ ራስ ብሩ፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥት በተሰጣቸው ቦታ ይሰፍራሉ፤ በዙሪያቸው ወታደሩና አሽከሩ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ጉዳይ ያለው ሁሉ አደግድጎ ይቆማል። ሹመት ፈላጊው፣ ርስቱን የተቀማው፣ ልጁን ለአሽከርነት ሊሰጥ የመጣው፣ ሁሉም ጠዋት ይደርሳል፣ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲመሽ ወደ ማደሪያው ይሄዳል። በነጋታውም እዚያው ነው። አንድ ቀን ጌታው በቅሏቸውን ገታ አድርገው "ይህ ሁልጊዜ እዚህ የሚቆመው ማነው?" ብለው የጠየቁ ዕለት፣ ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው የእህቴ ልጅ ደጅ የሚጠናለት ማሽን ስለገዛ ነው።

ልጁ ተወልዶ ያደገው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው። አካውንቲንግ ተምሮ በጥሩ ውጤት ተመርቋል፤ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለበትም። የጎደለው የሚያውቀው ሰው ነው። ድሮ ቢሆን ይህ ችግር አልነበረም፤ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሰው አለማወቅ አይቻልም። ግድግዳ ለግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ሳል ከነዓይነቱ ይለያል። "እገሌ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ይፈልጋሉ" የሚለው ወሬ ከእድር ተነሥቶ በቡና ዞሮ፣ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ሰፈር ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ግን የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት ላይ በተመረቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተበተነ። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይጠራ የነበረ ሰው አሁን ሁለት ታክሲ ይፈልጋል። ሰፈር ሲፈርስ የግንቡ ካሣ ይሰላል፤ የወሬውን ማን ያሰላዋል?

እኛስ እንዴት ነበር ሥራ የምንፈልገው? ከፒያሳ ተነሥተን በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን አራት ኪሎ እንወጣለን። እዚያ የሥራ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው ፊት የሰው አንገት አለ፤ ከአንገቱ ኋላ እኛ አለን። ለመግዛት አቅሙ የሌለው ጋዜጣ ይከራያል። አዲስ ዘመንን ለጥቂት ደቂቃ በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የክፍት ሥራ ቦታውን ገጽ ብቻ ይገልጣል። አከራዩ ከራሱ ላይ ቆሞ "ወንድም፣ በቃህ እንጂ! ልቦለድ አደረግከው እኮ" ይለዋል። ጥሩው ነገር፣ ከጎን የተቀመጠው ሌላ ሥራ ፈላጊ አጮልቆ "ይሄኛው ላንተ ይሆናል፣ ለኔ ልምድ ይጠይቃል" ማለቱ ነው። እኔ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሥራ ባላገኝም እስከ ዛሬ የማይለዩኝን ወዳጆች አግኝቻለሁ። በኋላ ደመወዝ ስንበላ እነዚያው ሰዎች ቶሞካ ቆመን ቡና እየጠጣን ወሬ እንቀያየር ነበር። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ ወንበር ስለሌለ ወሬው አጭር ነው፣ አጭር ስለሆነ ቁም ነገር ይበዛዋል።

የእህቴ ልጅ ድንጋዩንም ቡናውንም ትቶ ሊንክድኢን ገባ። ለማያውቁት ላስረዳ፦ ሊንክድኢን ሰዎች ሲቪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፈተ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን በላይ አባላት አሉት። ደጅ ጥናት ይህን ያህል እንደሚያወጣ የአራዳ ገበያ ነጋድራሶች ቢያውቁ ኖሮ ቀረጥ ይጥሉበት ነበር።

ልጁ በመጀመሪያ በእጁ ነበር የሚሠራው። አንድ ሰው ይፈልጋል፣ ፕሮፋይሉን ያነባል፣ የወዳጅነት ጥሪ ይልካል፣ ይጠብቃል። መልስ የለም። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቮሊዩም ይፈልጋል" አለኝ አንድ ቀን። ቮሊዩም የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት የማውቀው ከሬዲዮ ነው። ከዚያ አውቶሜሽን የሚባለውን ነገር አገኘ። "ኤች አር ማናጀር፣ አዲስ አበባ" ብለህ ታዝዘዋለህ፤ እሱ የሁሉንም ፕሮፋይል ይጎበኛል፣ ጥሪ ይልካል፣ ጥሪውን ሲቀበሉት ሰላምታ ይጽፋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ "መልእክቴ ደርሶዎት ይሆን?" ይላል፣ ከሳምንት በኋላ "ጊዜዎ የተጣበበ እንደሆነ እረዳለሁ" ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ተኝቷል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቱ ልጅ በካርዷ ከፈለችለት። ለምን እንደከፈለች አልገባትም፤ ለኮርስ መስሏታል።

የመጀመሪያው ጣጣ የስም ጣጣ ነበር። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የቤተሰብ ስም አላቸው፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ልጁ ለአክብሮት ብሎ ከ"ሚስተር" ቀጥሎ የኋለኛው ስም እንዲገባ አዘዘ። ሰላምታው በሙሉ ለአባቶች ሄደ። ከአባቶቹ ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ያላረፉትም ሥራ የሚቀጥሩ አይደሉም። ይህን ሲያይ ወደ ፊተኛው ስም አዞረው። አሁን ደግሞ ማሽኑ ስሙን ክፍተቱ ላይ እየቆረጠ ይወስድ ጀመር። ገብረ ሕይወት "ውድ ገብረ" ተባሉ። ወለተ ማርያም "ውድ ወለተ" ሆኑ። ኃይለ ሚካኤል ከመልአኩ ተለይተው ኃይሉ ብቻ ቀረላቸው። ማዕረጉን ከስሙ አስቀድሞ የሚጽፍም በአገራችን አይጠፋምና "ውድ ኢንጂነር" የተባለ አንድ ሰው ነበር። እሱ ብቻ ደስ ብሎት ወዲያው መለሰ።

ሁለተኛው ጣጣ ግን አያስቅም፤ ወይም ማሳቅ የለበትም። ገጹ አንድ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ዓመት በሞላ ቁጥር ለወዳጆቹ ያውጃል፤ ማሽኑም አዋጁን እየተከተለ ደስታውን ይገልጻል። ልጁ ተለማማጅ ሆኖ የሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ አርፈው ነበር። ልጁ ራሱ ቀብራቸው ላይ ቆሟል፣ ሰልስታቸው ላይ ንፍሮ ቀምሷል። ፕሮፋይላቸውን ግን የዘጋ ሰው የለም፤ ሊንክድኢን ላይ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ማለዳ ማሽኑ "እንኳን ለ10ኛ የሥራ ዓመትዎ አደረሰዎ፤ ከዚህ የበለጠ ስኬት እመኝልዎታለሁ" ብሎ ጻፈላቸው። ስልኩ ባለቤታቸው እጅ ነው። ባለቤታቸው የእህቴ የእድር ጓደኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ በእህቴ ቤት የተባለውን እዚህ አልጽፈውም።

ሦስተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ካፌ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠናል። አንዷ ዛሬ የባንክ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት፤ ሌላዋ በኢንሹራንስ እንዲሁ፤ ሦስተኛው ጡረተኛ ነው። የባንኳ ስልኳን አየችና መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች።

"ኧረ ይህን ስሚልኝ። 'አነሳሽ የሙያ ጉዞዎ እጅግ አስደምሞኛል' ይላል። የትኛው ጉዞ ነው? እኔ እንደሆንኩ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነኝ።"

"እኔም ጉዞ አለኝ" አለች የኢንሹራንሷ ስልኳን እያዞረች። "ቃል በቃል ነው። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።"

ጡረተኛው ወዳጃችን ኪሱን ዳበሰ። ለሱም ደርሶታል። ፕሮፋይሉ ላይ የድሮ ሥራው እንዳለ ነውና "በእርስዎ አመራር ስር መሥራት የዘወትር ምኞቴ ነው" ተብሏል።

"ታዲያ ይምጣ" አለ። "ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በረንዳ ላይ ፀሐይ አብረን እንሞቃለን።"

የላኪውን ስም አየሁ። ማኪያቶዬን ማማሰል ያዝኩ፤ ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

እንግዲህ የነዚህ መሣሪያዎች ሻጮች "ሴፍ ነው" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማታውን ልጁ አስረዳኝ። ሊንክድኢን በተጠቃሚ ውሉ ቦት፣ መረጃ ለቃሚ ፕሮግራምና ሰው የሚጋብዝ ወይም መልእክት የሚልክ ማንኛውንም አውቶማቲክ ዘዴ ከልክሏል። ስለዚህ ሴፍ ማለት የማይያዝ ማለት ነው። ማሽኑ ከአንዱ ሰላምታ እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ያለዋውጣል፤ ሌሊት ይተኛል፣ እሑድ ያርፋል፣ መጀመሪያ ሰሞን በጥቂት ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ለመምሰል ነው፤ ለመምሰሉም ተጨማሪ ያስከፍላል። ለልጁ ሰፈር ግን አስፈላጊ አልነበረም። በኮምፒውተሩ ላይ በተጫነበት ጊዜ መብራቱ በራሱ ፈቃድ እየሄደ እየመጣ ያን የሰው ጠባይ በነፃ ይሰጠው ነበር።

መብራቱ ሲያስቸግረው ክላውድ ወደሚባለው ዓይነት አዛወረው፤ ማሽኑ ፍራንክፈርት ካለ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ይሠራለታል። አንድ ጊዜ ሎግ ኢን ካደረግህ በኋላ ገጹ በየደቂቃው ፓስወርድ እንዳይጠይቅህ ለብሮውዘርህ የይለፍ ምልክት ይሰጠዋል፤ ኩኪ ይሉታል። ክላውዱ ያንን ምልክት ወስዶ አንተን ሆኖ ይገባል። ታዲያ ልጁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በስልኩ ፒያሳ ሆኖ ገጹን ይከፍታል፤ በዚያችው ደቂቃ ፍራንክፈርት ሆኖ ሰላምታ ያድላል። ጻድቃን በደመና ተጭነው በአንድ ቀን ሩቅ አገር ደርሰው እንደተመለሱ በገድላቸው እናነባለን። ከአካውንቲንግ ምሩቅ ግን ይህ አይጠበቅምና እንዲህ ያለው ነገር ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። ገጹ የጠረጠረውን አካውንት ለጊዜው ያግዳል፣ መታወቂያ አምጣ ይላል፣ ሲደጋገም ለዘለቄታው ይዘጋል።

የቁጥሩም ነገር አለ። ሊንክድኢን በሳምንት የሚላክ ጥሪ ገደብ አለው፤ ስንት እንደሆነ በይፋ አይናገርም፣ ተጠቃሚዎች በልምድ የሚሉት 100 አካባቢ ነው። የላክኸውን ጥሪ ካነሣህ ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት ልትጠብቅ ትችላለህ። ጥሪህን ውድቅ ያደረገ ሰው ደግሞ "ይህን ሰው አላውቀውም" የሚል አማራጭ ይቀርብለታል። ይህ ሲበዛ የሚጋበዘውን ሰው ኢሜይል ካላወቅህ አትጋብዝ ትባላለህ። ጴጥሮስ ጌታውን አላውቀውም ያለው ሦስት ጊዜ ነው፤ የእህቴን ልጅ በአንድ ሳምንት ስንቱ እንደካደው እግዜር ይወቀው። የሚጮኽ ዶሮም አልነበረም፤ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል።

እኔ ግን የምከራከረው በዚህ አይደለም። የሊንክድኢን ጠባቂዎች ቢያዩትም ባያዩትም ማሽኑ የተሠራው ለሌላ ከተማ ነው። የፈጠሩት ሰዎች አንድ ግምት አላቸው፦ መልእክቱ የሚደርሳቸው መቶ ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ይህ ለቺካጎ ይሠራ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሙያ ሰዎች አንድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል፣ በአንድ ሥልጠና ተገናኝተዋል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥቷል፣ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የባንኩ ኃላፊ የኢንሹራንሱን ኃላፊ ዕቁብ ትሰበስባለች። ሊንክድኢን ማሽን መሆንህን ለማወቅ ቀናት ይፈልግ ይሆናል፤ ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ይበቃታል። ሊንክድኢን ቢያግድህ ይግባኝ አለው። "ያ ጉዞ የሚያስደምመው ልጅ" ተብለህ ከተሰየምክ ግን ይግባኝ የምትልበት መስኮት የለም።

የጥንቱም ደጅ ጥናት ምስጢሩ ይኸው ነበር። ሰውየው በወኪል አይቆምም። ጌታው ያዩት የነበረው ቃሉን አይደለም፤ ቃሉ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ "ጌታዬ ሺህ ዓመት ይኑሩ" ነው። ያዩት የነበረው ብርዱን ችሎ መቆሙን ነው። አሽከሩን በየደጁ እያቆመ እሱ ቤቱ ተኝቶ የሚያድር ደጅ ጠኚ ቢገኝ ኖሮ በጅራፍ ይሸኝ ነበር እንጂ ሹመት አያገኝም።

ልጁ በዚህ ጊዜ የመለሰልኝ ጥሩ ነበር፤ ለፍትሕ ስል ልጻፈው። "ጋሼ፣ ራሱ ሊንክድኢንም እኮ እንዲሁ ነው ያደረገው" አለኝ። እውነቱን ነው። ገጹ ሰዎች የኢሜይል አድራሻ ዝርዝራቸውን እንዲያስገቡ እየጋበዘ፣ ለማይመልሱት ሁሉ በባለቤቱ ስም ማስታወሻ ደጋግሞ ይልክ ነበር። ተጠቃሚዎች "ጥሪውን ፈቀድን እንጂ ውትወታውን አልፈቀድንም" ብለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊንክድኢን 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በሰው ስም ደጅ ማንኳኳት የለመደ ድርጅት ዛሬ ሌላው በሰው ስም እንዳያንኳኳ ይከለክላል። የተነጋገርነው ስለ ጻድቃን ገጽ አይደለም ማለት ነው። የገጹ ጥፋት ግን ለልጁ ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም፤ ያንን ክስ የመሠረቱት ውትወታ የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጁ ደግሞ ዛሬ ከወትዋቹ ወገን ነው።

"ይፋ የሆነውን መረጃ ነው የምሰበስበው" የሚለውም ክርክር ረጅም መንገድ ሄዷል። ሃይኪው የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሰዎችን ይፋ ፕሮፋይል በማሽን እየለቀመ ከዚያ ያወጣውን ትንታኔ ይሸጥ ነበር፤ ከሊንክድኢን ጋር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተካሰሱ፤ ኩባንያው በመሐሉ ጥቂት ድል ቢቀናውም በ2022 መጨረሻ 500 ሺህ ዶላር ተፈርዶበት አበቃ። እኛም አገር ሕግ የለም እንዳይባል በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ መልእክት ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር ያስቀጣል፤ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ የያዘ፣ ተቀባዩም በቀላሉ አልፈልግም የሚልበት መንገድ ያለው መልእክት ግን ነፃ ነው። የእኛ ልጅ የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ራሱን ካልሆነ በቀር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰዎችን ስም፣ ስልክና ኢሜይል በሺህ እየለቀመ በሰንጠረዥ የሚያስቀምጥ ሰው ያንን አዋጅ አንድ ጊዜ ቢያነብ አይጎዳም።

የባሰውን ያየነው በዚያው ሌሊት ነው። "እስኪ አካውንትህ የት የት እንደተከፈተ እንይ" ብዬ ሴቲንጉን አስከፈትኩት። ሎግ ኢን ያለባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር ገጽ አለ። አዲስ አበባ አለ፤ ይሁን። ፍራንክፈርት አለ፤ አውቀነዋል። ሦስተኛው ልጁ ድሮ የሸጠው ስልክ ነው፤ ገዢው እስካሁን የልጁን ሲቪ ይዞ ሲዞር ኖሯል። መሣሪያውን የሸጡለት ሰዎች የድርጅታቸው አድራሻ የለም፣ የሥራ አስኪያጃቸው ስም የለም፣ ያለው አርማና "እኛን ይመኑን" የሚል ቃል ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ፓስወርድም ሆነ የይለፍ ምልክት መስጠት የቤት ቁልፍ ለማታውቀው ደላላ ሰጥቶ ክፍለ አገር እንደመሄድ ነው፤ ስትመለስ ቤቱ አለ፣ የሚያድርበት ግን ማን እንደሆነ አታውቅም። ትልቁ ድርጅት ራሱ መቼ ተረፈ? በ2012 እ.ኤ.አ. ሊንክድኢን ሲዘረፍ መጀመሪያ የተሰማው 6.5 ሚሊዮን ፓስወርድ ነበር፤ በ2016 የ117 ሚሊዮን ሰው መረጃ ገበያ ላይ ወጣ። ልጁ ሦስቱንም አስወጣ፣ ፓስወርዱን ለወጠ፣ በስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ አበራ። ድሮ በሸጠው ስልክ ሲቪውን የያዘው ሰው ምን እንደተሰማው አልታወቀም።

"እና ሁሉንም በእጄ ልሥራ?" አለኝ ፊቱን አጨማዶ።

ኧረ የለም። እኔ የማሽን ጠላት አይደለሁም፤ እንጀራ እንኳ ዛሬ በኤሌክትሪክ ይጋገራል። በማዘጋጃ ቤትና በፍርድ ቤቶች አካባቢ የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስታወስኩት። እነሱ ከማንም በፊት አውቶሜሽን የጀመሩ ሰዎች ናቸው። "ለክቡር" የሚለው፣ "ጉዳዩ" የሚለው፣ "ከታላቅ አክብሮት ጋር" የሚለው ሁሉ እጃቸው ላይ ነው፤ ሳያዩ ይመቱታል። ነገር ግን ታይፑን ከመንካታቸው በፊት ቀና ብለው "እሺ እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?" ይላሉ። እትዬም ይናገራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከጎረቤታቸው አጥር ጀምረው የአያታቸው ዘመን ይደርሳሉ። ጸሐፊው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሦስት መስመር ያወጣል። ቅርጹ የሺህ ሰው ነው፤ ሦስቱ መስመር የእትዬ ብቻ ናት። ዳኛው የሚያነበውም ያችን ነው።

በዚህ ተስማማን። ሥራ ሲወጣ የሚያሳውቀውን ማንቂያ ራሱ ሊንክድኢን ይሰጣል፤ ይሥራለት። ጽሑፉን አዘጋጅቶ በቀጠሮ ሰዓት እንዲወጣ ማድረግም ገጹ ራሱ ይፈቅዳል፤ ይሁን። የወዳጆቹን ዝርዝር ከገጹ አውርዶ በራሱ ሰንጠረዥ ያስቀምጥ፤ ማን የት እንደተዋወቀው፣ ምን ቃል እንደገባለት፣ መቼ ሊጠይቀው እንደሚገባ ይጻፍበት፤ ኮምፒውተሩም ያስታውሰው። እንግሊዝኛውን ማሽን ያርመው፤ "አነሳሽ ጉዞ" የሚለውን እስካወጣ ድረስ ቅር አይለኝም። ያረፉትን ሰውዬ ፕሮፋይል የሚመለከተው ሰው እንዲያስዘጋ ለባለቤታቸው ይንገር፤ ይህን ግን በጽሑፍ አይደለም፣ ሄዶ፣ ከእናቱ ጋር። ጥሪውን መላክና ሰላም ማለት የሱ ሥራ ነው፤ በሳምንት መቶ ይቅር፣ አምስት ይበቃል። አምስት ሰው በሳምንት ከልቡ ሰላም የሚል የፒያሳ ልጅ ዛሬ ካለ ያሳዩኝ።

ሄዶም ይቅርታ ጠየቀ፤ ባለቤታቸው ሥቀው፣ አልቅሰው፣ ምሳ አብልተው ሰደዱት። ቀጥሎ የባንኳ ኃላፊ ቀረች። እኔ አማላጅ ልሁን ብዬ ነበር፤ "ጋሼ፣ ተወኝ፣ ራሴ" አለኝ፤ ደስ አለኝ። አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጦ በገዛ እጁ፣ በአማርኛ ጻፈላት። ባለፈው ጊዜ የላከላት ማሽን እንደነበረ፣ እንዳፈረ፣ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አንብቦ ስለ ብድር ክፍሉ አንድ ጥያቄ እንዳለው፣ ጊዜ ካላት ሩብ ሰዓት እንደሚበቃው ጻፈ። አነበብኩት። አንድ ቃል አልነካሁበትም።

መልሷ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ መስመር ነበር፦ "ማሽንህ ይቅርታ መጠየቅም ጀመረ እንዴ?"

ልጁ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ፤ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግራ ገብቶት ነበር። "ቢሮዋ እኮ ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው" አልኩት። ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው፤ ከሥራ የምትወጣው አሥራ አንድ ላይ ነው። ሸሚዙን ሊቀይር ሮጠ።